በሞቴ የማይባልበት ጫካ

ለሰባት ሳምንት ያህል የዚህ ታሪክ ጀግና እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ማመን ብቻ አይደለም፤ የጀግና አረማመድ ሁሉ አውጥቼ ነበር፤ ደረት ወደ ፊት፣ አንገት ትንሽ ዘንበል። አንድ ጠዋት አለቃችን አቶ ተሾመ አይተውኝ «አካሉ፣ አንገትህን ብርድ መታህ እንዴ?» ሲሉኝ ተውኩት።

የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ የካ በኩል ዞር ሲባል ባሕር ዛፉ መሐል በሽቦ የታጠረች ቦታ አለች፤ እዚያ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ እናፈላለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ስላልነበረ፣ ኮተቤ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ክፍል ተከራይቼ መኖር ጀመርኩ። በቅርብ ርቀት ተማርኩ ማለት ነው። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ከችግኝ ጋር አወራለሁ፤ ችግኝ ሲሰለቸው ተነስቶ አይሄድም።

ውሃ የምታመጣልን ጊፍቲ ነበረች። አባቷ ጋሽ ገረሱ ኮተቤ ውስጥ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር፤ እሷ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ሞተር ተማረችና የጣቢያውን ቦቴ መንዳት ያዘች። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቦቴዋ ዳገቱን እያቃሰተች ስትመጣ፣ እኔ ፀጉሬን አበጥሬ ቧንቧ ይዤ እጠብቃለሁ። ፍሬኗ ስለማያስተማምን ጎማዋ ስር ድንጋይ ማስቀመጥ የኔ ሥራ ነበር። በፍቅር ነው የማስቀምጠው። ድንጋዩን እንኳ ከብዙ ድንጋይ መርጬው ነበር።

ወደድኳት፤ ነገርኳትም። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ባደግኩበት ቤት እንግዳ «ብላ» ስለተባለ ብቻ አይበላም። ሆዱ እየጮኸ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። «በሞቴ!» ይሉታል። «ኧረ ተዉኝ» ይላል። «አፈር ስሆን!» ሲሉት ያን ጊዜ፣ የግዱን፣ እጁን ይታጠባል። መጀመሪያ ሲጠይቁት እሺ የሚል ልጅ ስድ ነው፤ እናቴ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ጊፍቲን ሻይ ልጋብዝሽ ብያት «አልፈልግም» ስትለኝ፣ በሆዴ አንድ አልኩ። በሳምንቱ ጉርድ ሾላ ኬክ ቤት እንሂድ ብያት «አካሉ፣ አልፈልግም አልኩህ እኮ» አለችኝ። ሁለት። ከዚያ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩላት። በማግስቱ የዘይት መለኪያውን ብረት በጨርቅ እየጠረገች፣ ቀና ብላ በደንብ አይታኝ፣ «አነበብኩት። ቆንጆ አድርገህ ጽፈኸዋል። አይሆንም» አለችኝ።

ሦስት!

ምን ጨዋ ልጅ ናት፣ አልኩ። አራተኛው ላይ እሺ እንደምትል ስላልተጠራጠርኩ፣ አራተኛውን ጥያቄ ለጥሩ አጋጣሚ አስቀመጥኩት።

አጋጣሚው በመሬት ስር መጣ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ የጥዱ መደብ፣ ሰባት ቁጥር የምንለው፣ ውሃ ይውጥ ጀመር። ቦቴዋን ሙሉ ብንገለብጥበት አፈሩ አይርስም። እኔ «የባሕር ዛፉ ሥር እየጠጣው ነው» አልኩ፤ እንጦጦ ላይ ለማንኛውም ነገር ሰው የሚሰጠው ምክንያት ይሄው ነው። ጊፍቲ ግን ደብተር አወጣች። የቦቴዋን ፓምፕ ዙር ከፍ ዝቅ እያደረገች አፈሩ የሚሰጠውን ድምፅ መመዝገብ ያዘች። በአራተኛው ቀን ፓምፑ በደቂቃ አንድ ሺህ አራት መቶ ዙር ላይ ሲደርስ መደቡ እንደ ከበሮ ጮኸ፤ አፈሩ ከነችግኙ እንደ ሱቅ ቆርቆሮ በር ወደ ላይ ተጠቀለለ፤ ከስሩ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ታየ። ቦቴ የሚያሳልፍ።

«አየህ?» አለችኝ፤ ዓይኗ እያበራ።

«አየሁ» አልኩ፣ ቧንቧውን አቅፌ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ።

«እሺ ግባ።»

«ኧረ አንቺ ቅደሚ።»

ይሄኛው እንኳ ይሉኝታ አልነበረም። ፍርሃት ነው።

እኔ ከኋላ ታንከሩ ላይ ተንጠልጥዬ በቦቴዋ ወረድን። ከኮረብታው ስር ጫካ አለ። ባሕር ዛፍ ሳይመጣ በፊት እንጦጦ ላይ የነበረው የጥድ ጫካ ነው፤ ተቆርጦ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም እንጂ፣ የሄደው እዚያ ነው። ግንዶቹ ከውስጣቸው ይበራሉ። ሰማዩ ደግሞ የኛው መሬት ነው፣ ከሆዱ በኩል ሲታይ፤ ቡናማ፣ ጠጠር የበዛበት። ከዚያ ሰማይ የባሕር ዛፍ ሥር እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ፣ የጫካውን ወንዝ ወደ ላይ እየሳበ ይጠጣል። ስለዚህ ያልኩት ልክ ነበር። በሕይወቴ ልክ ስሆን የመጀመሪያዬ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም።

አንዲት ሴት ወንዙ ዳር ቆማ በብርሃን ማጭድ አንዱን ሥር ስትቆርጥ ደረስን። ሥሩ እንደ እባብ ተጠማዘዘና ወደ ሰማዩ ተሰበሰበ። ሴትየዋ ረጅም ናት፤ ሹሩባዋ መሐል እንደ ግንዶቹ ብርሃን ይሄዳል። ዞር ብላ ቦቴዋን አየች። ጊፍቲን አየች። እኔን ያየችኝ አይመስለኝም።

«ውሃ ይዛችሁ ነው?» አለች፤ በአማርኛ።

«ስምንት ሺህ ሊትር» አለች ጊፍቲ።

«እኔ ኡርጂ ነኝ። ጫካው የኔ ጥበቃ ነው። ስምሽ ማነው?»

«ጊፍቲ።»

«ጊፍቲ» አለች ኡርጂ፣ ስሙን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ እያዞረች። «እጅሽ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድነው?»

«ግራሶ ነው።» ጊፍቲ እጇን ኪሷ ከተተች። ጊፍቲ! በግራሶ እጇ ሳምቡሳ የምትበላ ልጅ!

ኡርጂ አማርኛውን የለመደችው በሥሩ በኩል ከሚወርደው ድምፅ ነው፤ ከእንጨት ለቃሚ፣ ከሯጭ፣ ለሽርሽር ከሚወጣ ሰው። ስለዚህ «በርቱ፣ ሁለት ዙር ብቻ ቀራችሁ!» ማለት ትችላለች። «ዛፉ እንዲታይ አድርገሽ አንሺኝ» ማለትም ትችላለች። የወረደላት ቃሉ ብቻ ነው፤ ጠባያችን አልወረደም።

ነገሩን አስረዳችን። ጫካውን የሚያደርቁት ሰባት አውራ ሥሮች ናቸው። አንዱ ሲቆረጥ ሰማዩ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ቀዳዳው ላይ የጥድ ችግኝ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ በብዙ ውሃ ካልተተከለ ሥሩ ተመልሶ ይመጣል። «ሰባተኛው ሲዘጋ» አለች፣ «ሰማዩ ይድናል፤ በሩም አብሮ ይዘጋል። ያን ጊዜ ውስጥ ያለ ውስጥ ይቀራል፣ ውጭ ያለ ውጭ።»

ሰባት ሥር፣ ሰባት ቅዳሜ። ስንወጣ መደቡ ተመልሶ ይከደናል፤ ቅዳሜ በአንድ ሺህ አራት መቶ ዙር እንከፍተዋለን፤ ቅዳሜ አቶ ተሾመ አይመጡም።

ሥራችንን ተከፋፈልን። ኡርጂ ትልቁ ጥድ ላይ ወጥታ ትቆርጣለች፤ ጊፍቲ ቧንቧውን ይዛ ተከትላት ትወጣለች፤ እኔ ከታች ችግኝ አቀብላለሁ። ጀግና መቼም አንዳንዴ ከታች ነው፣ ብዬ ተጽናናሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ጊፍቲ እጇን በሳሙና፣ ጥፍሯን በክብሪት እንጨት አጽድታ መጣች። ለኔ ነው፣ አልኩ። በሦስተኛው ሹሩባ ተሠርታ መጣች። አሁንስ በግልጽ ለኔ ነው። በአራተኛው ጋቢና ልገባ ስል ኡርጂ ቀድማኝ ገብታለች፤ ጊፍቲ መንዳት ልታስተምራት።

«ለሦስት ይበቃናል እኮ» አልኩ።

«መሐል ላይ ማርሹ ያስቸግርሃል» አለች ጊፍቲ። «ደግሞ ችግኙን ማን ይጠብቀዋል? ካንተ ሌላ ማን አምናለሁ?»

አደራ ተሰጠኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ታንከሩ ላይ ወጣሁ። በኋላው መስኮት ሳይ የጊፍቲ እጅ ማርሹ ላይ ከኡርጂ እጅ በላይ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብዬ አላውቅም ነበር፤ እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም።

በአምስተኛው ቅዳሜ ሥሩ ተናደደ። ኡርጂ ማጭዷን ስታሳርፍበት ከሰማዩ ተነቅሎ መጣና ጊፍቲን ወገቧ ላይ ጠምጥሞ አነሳት። ቧንቧው ከእጇ ወደቀ፤ ውሃው በየአቅጣጫው ይረጫል። የምጠብቀው ቀን ደረሰ! «ጊፍቲ አይዞሽ!» ብዬ ጮህኩና በእጄ የነበረውን ችግኝ ከነአፈሩ፣ ከነፕላስቲኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ሥሩ ወረወርኩት። ኡርጂን ግንባሯ ላይ መታት። እሷ ግን ግንባሯን እንኳ ሳትነካ ከቅርንጫፉ ዘለለች፣ ሥሩን በአየር ላይ ቆረጠችው፣ ጊፍቲን በሌላ እጇ ይዛ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። እዚያ ተያይዘው ቆሙ። አደጋው አልፏል፤ እነሱ አልተላቀቁም። ከታች ሆኜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት ስደርስ ጊፍቲ በእጅጌዋ የኡርጂን ግንባር ጠረገችላት፤ ቆጠራውን ካንድ ጀመርኩ።

ደንግጠው ነው፣ አልኩ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ጊፍቲ ከቤቷ ምሳ ይዛ መጣች። ወንዙ ዳር ተቀመጥን። ጊፍቲ ጠቅልላ «ትጎርሻለሽ?» አለቻት። ኡርጂ «አዎ» ብላ አፏን ከፈተች። እንዲሁ! ያለ ምንም ግብግብ! ጊፍቲ እየሳቀች አጎረሰቻት፤ ጣቷ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም ትንሽ ቆየ።

«አንተስ፣ አካሉ?» አለችኝ ኡርጂ ምሳውን እየገፋችልኝ።

«ኧረ እኔ ጠግቤያለሁ።»

«እሺ» ብላ ምሳውን መለሰችው።

ማንም በሞቴ አላለኝም። ጊፍቲ ሳቋን ለማፈን ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«እዚህ ሰው አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ አንድ ጊዜ ይመልሳል» አለች ኡርጂ፣ ፊቴን አይታ። «ሁለተኛ መጠየቅ ውሸታም ነህ ብሎ መስደብ ነው።» ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ ሆዴ ሲጮህ ዋለ፤ ብልህ ሰው ቢሆን ከዚህ አንድ ነገር ይማር ነበር።

ሰባተኛው ቅዳሜ ሰኔ ውስጥ ገባ። ከላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያንኳኳ በሰማዩ በኩል ይሰማል። የመጨረሻውን ሥር ቆረጡ፤ የመጨረሻውን ችግኝ ተከሉ። ቀዳዳው ተዘጋ፤ ወንዙ ወዲያው ሞላ። መንገዱ ላይ፣ እኛ በገባንበት በር በኩል፣ አፈሩ ቀስ እያለ ወደ ታች መዘርጋት ጀመረ። ጊዜ የለም።

ኡርጂ ቦቴዋ አጠገብ መጣች። ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ጊፍቲ፣ እዚህ ቅሪ። ከኔ ጋር ኑሪ።»

ታንከሩ ላይ ሆኜ ሰማኋት። ጊፍቲም ሰማቻት። ፊቷ ላይ ካወቅኳት ጀምሮ አንድም ቀን ያላየሁት ነገር መጣ፤ ብርሃኑ ከግንዶቹ ይሁን ከሷ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ የኮተቤዋ ልጅ፣ እናቷ በወጉ ያሳደገቻት ልጅ፣ አፏን ከፈተችና ምን አለች?

«ኧረ እንዴት ብዬ... አላስቸግርሽም። ቤትሽን ላጣብብ?»

«ሰማሁሽ» አለች ኡርጂ። ማጭዷን አነሳችና ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች።

ጊፍቲ ጋቢና ገባች። ሞተሩን አስነሳች። አልነዳችም። ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ሳያት መሪውን ይዛ ታለቅሳለች።

«ምነው?» አልኩ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ» አለች። «አንዴ ብቻ፣ አካሉ!»

ያኔ ገባኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊቴ ሲደረግ የነበረው በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ሳሙናው፣ ሹሩባው፣ ማርሹ። ሌላም ነገር ገባኝ። ድገሙኝ የሚል እንቢታ ፊት ላይ ምን እንደሚመስል እያየሁ ነበር። የዘይት መለኪያውን ብረት እየጠረገች «አይሆንም» ያለችኝ ቀን ፊቷ እንዲህ አልነበረም። ያን ቀን ፊቷ ላይ የነበረው አይሆንም ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ በሚገባ አማርኛ መልስ ተሰጥቶኛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ቁጥር ስቆጥር ነበር።

ዝም ብል ምን ይሆናል? ቦቴዋ ትወጣለች። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ዳገቱን እያቃሰተች ትመጣለች። እኔ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ በሩ እየወረደ፣ እሷ እያለቀሰች፣ እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አላፍርበትም። ትንሽ አፍርበታለሁ።

ከዚያ ከታንከሩ ዘለልኩ። እግሬ በቧንቧው ተጠለፈና በሆዴ አረፍኩ፤ ተነስቼ ሮጥኩ።

«ኡርጂ! ድገሚ! ደግመሽ ጠይቂያት!»

ዞረች። እሷም ዓይኗ ቀልቷል። «እንቢ አለችኝ። ሁለተኛ መጠየቅ ስድብ ነው።»

«እኛ ዘንድ አለመጠየቅ ነው ስድቡ! የመጀመሪያው አይቆጠርም፤ ጨዋ መሆኗን ልታሳይሽ ነው። በሞቴ በያት!»

«በሞቴ? ማን ሊሞት ነው?»

«ማንም አይሞትም! እንዲሁ ነው የሚባለው!»

«እና እውነት እንቢ ብትል ኖሮ በምን ይታወቅ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ለኔ ማቅረብ። «ፊት ይታያል» አልኳት። «ፊቷን እያየሽ ጠይቂያት። እኔ አላየሁም ነበር።»

ኡርጂ ወደ ቦቴዋ ሄደች። ባለ ብርሃን ማጭዷ ሴት፣ ሰባት አውራ ሥር የቆረጠችው፣ የጋቢናውን በር በአንድ ጣቷ አንኳኳች።

«ጊፍቲ» አለች፤ «በሞቴ።»

«ኧረ ኡርጂ፣ እኔ እኮ...»

ኡርጂ ደንግጣ ወደኔ ዞረች። እኔ ከሩቅ አንድ ጣቴን አነሳሁላት፤ አንዴ ቀረሽ።

«አፈር ስሆን ቅሪ።»

«እሺ» አለች ጊፍቲ፣ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ። «እሺ፣ እሺ።» በመስኮቱ ወጥታ ይሁን በበሩ እኔ አላየሁም፤ ችግኝ የሌለበትን ባዶ ሳጥን ማስተካከል ነበረብኝ። ከላይ፣ ከተማው ውስጥ፣ ያንን መተቃቀፍ ቢያዩት ስንት ስም ያወጡለት ነበር። እዚያ ታች ማንም ምንም አላለም፤ ወንዙ ይሄዳል።

ቦቴዋን ግን ማን ያውጣት? ጊፍቲ ነድታ በሩ ላይ አደረሰችኝ፤ ከመደቡ ዳር አቆመቻት። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና በእግሯ ተመለሰች። በሩ እስከ ወገቧ ወርዶ ነበር።

«ለእማዬ ንገራት፤ ሰው ሳይሰማ» አለች። «ፍሬኑ አይዝም፤ ድንጋይ አድርግበት።»

«አውቃለሁ።»

ጎንበስ ብላ አየችኝ። «አካሉ፣ አንተም ና እንጂ።»

«ኧረ እኔ ምን...» አልኩ።

አልኩና ጠበቅኩ። ጊፍቲ ሁለቱንም አገር የምታውቅ ሰው ናት፤ ልትደግመው ትችል ነበር። ፊቴን በደንብ አየችው፤ ፈገግ አለች፤ አልደገመችውም። በሩ ተዘጋ፤ ችግኞቹ ምንም እንዳልተፈጠረ በመደባቸው ቆሙ። ድንጋዬን ፈልጌ ጎማው ስር አስቀመጥኩ። ፊቴ ላይ ምን አይታ እንደነበር መደቡን ባጠጣሁ ቁጥር አስባለሁ። መደቡ አሁን ይርሳል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቷን እትዬ ዲንቄን አገኘኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ፤ በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

«ሥራ አገኘች፤ ሩቅ ነው» አልኳቸው። «ደን ጥበቃ። ስልክ አይሠራም።»

«ብቻዋን?»

«ከጓደኛዋ ጋር። ኡርጂ ትባላለች።»

እትዬ ዲንቄ ነጠላቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ጥሩ ሰው ናት?»

«አንድ ጊዜ የተናገረችው የተናገረችው ነው። ለጊፍቲ ብላ ግን ሦስት ጊዜ ተናግራለች።»

የገባቸው መሰለኝ፤ ምን ያህል እንደገባቸው አልጠየቅኩም። ዓይናቸውን ጠረጉና ተነሱ። «በል እንግዲህ፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም።»

«እሺ» አልኩ።

ቀጥ ብለው ቆሙ። ሦስቱን ዙር ለመጀመር አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ዘጉት። አይቻቸው ገባኝ፤ ምሳ አልተሠራም ነበር። ሊለምኑኝ፣ እኔም እንቢ ልል፣ ሊሸኙኝ ነበር።

«ርቦኝ ነው» አልኩ፤ ምን ላድርግ።

እትዬ ዲንቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ጀመር። «እሷም ሰሞኑን እንዲህ ሆና ነበር» አሉ። «ገና ብይ ሳልላት እሺ ትለኛለች። ምን ነካት እያልኩ ነበር እኮ።» እየሳቁ፣ እያለቀሱም፣ እንቁላል ሊጠብሱ ወደ ጓዳ ገቡ።